አሮጌ የወንድ የቆዳ ጫማ ሲመረጥ፦ የትኛው ይታደሳል፣ የትኛው ይተዋል?

ሁለት ጥንድ አሮጌ ጫማ ጎን ለጎን ቀርበዋል እንበል። የአንደኛው ሶል ተበልቶ ቀዳዳ አውጥቷል፣ ታኮው በአንድ ወገን አልቋል፣ ማሰሪያ የለውም፣ ቀለሙም ገርጥቷል። ሁለተኛው እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል፣ ሶሉም ብዙ አልተነካም፤ ነገር ግን እግር ሲራመድ በሚታጠፍበት ቦታ፣ በትንሿ ጣት በኩል፣ ከጥፍር የማትበልጥ ስንጥቅ አለችበት። ጀማሪ ሰብሳቢ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውን ያነሣል። ብዙ ጫማ ያለፈበት ሰው ግን የመጀመሪያውን ይወስዳል፤ ምክንያቱም ሶልና ታኮ ከመነሻው አልቀው እንዲለወጡ ታስበው የተሠሩ ሲሆኑ፣ የላይኛው ቆዳ ግን አንድ ጊዜ ከተሰነጠቀ የሚተካው የለም። ከዚህ በታች የሚነጻጸሩት ምርጫዎች ሁሉ በዚሁ ሚዛን ይለካሉ፦ የትኛው ጉዳት ይጠገናል፣ የትኛውስ አይጠገንም? የአምራቹ ስም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስፌቱ

የቆዩ የክት ጫማዎች ሶል በሦስት መንገድ ተያይዞ ይገኛል፦ በጠፍር የተሰፋ፣ በቀጥታ የተሰፋና በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀ። ጉድይር ዌልት በሚባለው የመጀመሪያው አሠራር፣ የላይኛው ቆዳ ከውስጠኛው ሶልና ዌልት ከሚባል ቀጭን የቆዳ ጠፍር ጋር ይሰፋል፤ የውጪው ሶል ደግሞ በሌላ ስፌት ከጠፍሩ ጋር ብቻ ይያያዛል። በሁለቱ ሶሎች መካከል የሚቀረው ክፍተት በቡሽ ይሞላል። ይህን ሥራ ማሽን እንዲሠራው ያደረገው ዘዴ በአሜሪካ በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. የተስፋፋ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ጎማን በሙቀትና በድኝ ማጠንከርን ከፈለሰፈው ከቻርልስ ጉድይር ልጅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) የዘዴው ጥቅም ግልጽ ነው፤ ያረጀው ሶል ሲወልቅና አዲሱ ሲሰፋ መርፌው የላይኛውን ቆዳ አይነካውም። ስለዚህ አንድ ጥንድ በዕድሜው ብዙ ጊዜ ሶል ሊቀየርለት ይችላል፤ ጠፍሩ ራሱ ቢያልቅም በአዲስ ይተካል።

ሁለተኛው አሠራር ላይማን ብሌክ በ1858 ካስመዘገበው ማሽን የመጣ ሲሆን፣ አንድ ስፌት ብቻ ከውስጠኛው ሶል ተነሥቶ በቀጥታ እስከ ውጪው ሶል ይዘልቃል። ጫማው ቀጭን፣ ቀላልና ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚተጣጠፍ ይሆናል፤ የጣሊያን ጫማ ሠሪዎች የሚወዱትም በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም ሶሉን ለመቀየር ክንዱ ወደ ጫማው ውስጥ የሚገባ ልዩ ማሽን ያስፈልጋል፣ በእያንዳንዱ ቅያሪም መርፌው የውስጠኛውን ሶል እንደገና ይወጋዋል። ሦስተኛው፣ በማስቲሽ ብቻ የተጣበቀው፣ ለእድሳት ሊገዛ የሚገባው አይመስለኝም። መልሶ ማጣበቅ ባይከብድም፣ በዚህ መንገድ የተሠራ ጫማ የላይኛው ቆዳም ብዙውን ጊዜ ያንኑ ያህል ርካሽ ነው።

ሦስቱን ለመለየት እጅን ወደ ጫማው ውስጥ ማስገባት ይበቃል። በውስጠኛው ሶል ዙሪያ የክር መስመር በጣት ከተዳሰሰ በቀጥታ የተሰፋ ነው። ውስጡ ልሙጥ ሆኖ በውጭ በኩል ባለው ጠፍር ላይ ስፌት ከታየ ምናልባት የጉድይር ስፌት ነው። «ምናልባት» ያልኩት ለጌጥ ብቻ ስፌት የተደረገበት ሐሰተኛ ጠፍር ስላለ ነው። ከላይ ስፌት እየታየ ሶሉ አንድ ወጥ ሆኖ በቅርጽ የፈሰሰ ጎማ ከሆነ፣ ከሥሩም ክር የሚወጣበት ምልክት ከሌለ፣ መጠርጠር ተገቢ ነው። በቆዳ ሶል ላይ ግን ክሩ አለመታየቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ጥሩ ሠሪዎች የሶሉን ፊት በስሱ ሰንጥቀው ክሩን ከቀበሩ በኋላ መልሰው ይሸፍኑታል።

ከጠፍር ስፌት ውስጥም በእጅ የተሰፋው የላቀ ነው። በማሽን በተሰፋው ጫማ ጠፍሩ የሚሰፋው በውስጠኛው ሶል ላይ በተጣበቀ የሸራ ጥብጣብ ላይ ሲሆን፣ በእጅ በተሰፋው ግን ከወፍራሙ የውስጥ ሶል ራሱ በተፈለፈለ ከንፈር ላይ ነው። ሸራውን የያዘው ማስቲሽ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ሊለቅ ይችላል፤ ተፈልፍሎ የወጣ ቆዳ ግን ምንም የሚለቅ ነገር የለውም። በርቀት ይህን መለየት ስለሚያስቸግር፣ ሻጩ በእጅ የተሰፋ ነው ስላለ ብቻ ዋጋ መጨመር አይገባም።

ቆዳው

ዋናው ፍርድ እዚህ ላይ ነው። በአሮጌ የክት ጫማ ላይ በብዛት የሚገኙት የጥጃ ቆዳ፣ ፊቱ ተሞርዶ በፕላስቲክ ነክ ሽፋን የተለበጠ ቆዳ፣ ኮርዶቫን የሚባለው የፈረስ ቆዳና ስዌድ የሚባለው ፊቱ እንደ ከፋይ ጸጉራም የሆነ ቆዳ ናቸው።

የጥጃ ቆዳና የተለበጠው ቆዳ ከሩቅ ሲታዩ ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ እንዲያውም የተለበጠው ያለ ምንም ቀለም ስለሚያብረቀርቅ ይበልጥ ያማረ ይመስላል። ልዩነታቸው የሚታየው በእጥፋቱ ላይ ነው። የጥጃ ቆዳ ሲታጠፍ ብዙ ጥቃቅን መስመሮች ያወጣል፣ ቅባትም ይጠጣል፣ ስለዚህ ደርቆ ቢገኝም ወደ ልስላሴው የመመለስ ዕድል አለው። የተለበጠው ግን ጥቂት ሰፋፊና ስለታም እጥፋቶች ያወጣል፤ ሽፋኑ ከተሰበረ ደግሞ ቅባቱም ቀለሙም ከላዩ ይንሸራተታል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። በምላሱ ላይ፣ ማሰሪያው በሚሸፍነው ቦታ፣ አንዲት የውኃ ጠብታ ማኖር ይረዳል፦ በጥጃ ቆዳ ላይ ጠብታዋ ቀስ በቀስ ትሰርግና ቦታውን ለጊዜው ታጠቁረዋለች፤ በተለበጠው ላይ ድቡልቡል እንዳለች ትቆያለች። ሰም በብዛት የተቀባ ጥጃም ውኃ ስለሚመልስ፣ ሙከራው ሰም በማይደርስበት ቦታ ሊሆን ይገባል። ስለዚህ ያልተሰነጠቀ የተለበጠ ጫማ እንዳለ ሊለበስ ይችላል፤ «አድሰዋለሁ» ተብሎ የሚገዛ ግን አይደለም።

ኮርዶቫን ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ከፈረስ ዳሌ ቆዳ ውስጥ ከሚገኝ ጥቅጥቅ ያለ ንጣፍ የሚወጣ ሲሆን፣ ከአንድ ቆዳ ሁለት ቁራጭ ብቻ ይገኛል። በቺካጎ በ1905 የተቋቋመው ሆርዊን የተባለው የቆዳ ፋብሪካ አንዱን ለማልፋት ቢያንስ ስድስት ወር ይፈጅበታል። በላዩ ላይ የጸጉር ቀዳዳ አይታይም፣ ሲታጠፍም መስመር ከማውጣት ይልቅ እንደ ሞገድ ይጠቀለላል። በዚህ ቆዳ ላይ ጀማሪን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ፤ በእጥፋቶቹ ውስጥ ነጭ ዱቄት የሚመስል ነገር ብቅ ይላል። ብዙ ጊዜ ሻጋታ ሳይሆን ከቆዳው ውስጥ የወጣ ስብና ሰም ነው። ሻጋታ የእርጥብ ምድር ቤት ሽታ አለው፣ ነጠብጣብ ሆኖም ይበቅላል፤ ይህኛው ግን ሽታ የለውም፣ በጸጉር ማድረቂያ ለጥቂት ሰከንድ ሞቅ ሲደረግ ቀልጦ ይጠፋል። ሻጩ ሻጋታ መስሎት ዋጋ ከቀነሰ፣ ሰብሳቢው ዝም ብሎ መክፈል ነው።

ስዌድ ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ታጋሽ ነው። በጎማ ብሩሽና በእንፋሎት የተኛው ጸጉሩ ይነሣል፤ የደበዘዘ ቀለሙም ለእሱ በተሠራ የሚረጭ ቀለም ይታደሳል። የማይለቀው የዘይት ጠብታ ነው።

ስንጥቅን ከእጥፋት መለየት የዚህ ሥራ ትልቁ ችሎታ ይመስለኛል። እጥፋት በብርሃን ፊት ሲያዩት ከሥሩ ያለው ቀለም ከዙሪያው ጋር አንድ ነው። ስንጥቅ ግን ጠርዝ አለው፤ በአውራ ጣት ቀስ ተብሎ ወደ ሁለት ወገን ሲሳብ ከውስጡ ገርጣ ያለ የቆዳ ቃጫ ይታያል። ሻጮች ስንጥቁን በጥቁር ቀለምና በሰም ደፍነው ስለሚያቀርቡ፣ ፎቶግራፍ ሲጠየቅ ጫማው በባዶው፣ ቅርጹን ወጥሮ የሚይዘው የማቆሚያ እንጨት ሳይገባበት፣ ከጎንና በቀን ብርሃን እንዲነሣ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስንጥቅን በመሙያ ደፍኖ ቀለም መቀባት ይቻላል፣ ለፎቶግራፍም ያምራል፤ ነገር ግን ቦታው በእያንዳንዱ እርምጃ ስለሚታጠፍ ከጥቂት መልበስ በኋላ ይከፈታል። በአንጻሩ የተቀደደ የተረከዝ ገበር፣ የተበጠሰ የጥለት ስፌትና የተጫረ የጫማ አፍንጫ የሚያስፈሩ አይደሉም፤ ገበሩ በውስጥ ቆዳ ይለበዳል፣ ስፌቱም በአሮጌው ቀዳዳ በወስፌ ተመልሶ ይሰፋል። ከውስጥ ሲዳስሱት ጣት ላይ ቀይ ዱቄት የሚተው ገበር ወይም የውስጥ ሶል ያለው ጫማ ግን ለሻጩ መመለስ ይኖርበታል። በዕፅዋት የለፋ ቆዳ በአየር ብክለትና በአሲድ ሲበላ እንዲህ ይሆናል፤ የፈረሰው ቃጫም በምንም ቅባት አይያያዝም።

ያልተለበሰ ወይስ የተለበሰ?

«ያልተለበሰ፣ ከነካርቶኑ» የሚለው ማስታወቂያ ከማንኛውም ቃል በላይ ያጓጓል። እኔም አንድ ጊዜ ጥቁር ኦክስፎርድ (የማሰሪያው ክንፎች ከሥር ተሰፍተው የሚገጥሙበት የክት ጫማ) በዚህ መልክ ገዝቼ ነበር። መጠቅለያው ወረቀት እንኳ አልተጨማደደም፣ የዋጋ ተለጣፊውም በሶሉ ላይ እንዳለ ነበር። አጥልቄው ወጣሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እግሬ ሥር አንድ ነገር የላላ መሰለኝና ዞር ስል፣ በመጣሁበት መንገድ ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ተዘርቷል፤ ታኮው እንደ ደረቀ ጭቃ እየተፈረፈረ ነበር። ሶሉ የተሠራበት ፖሊዩሬቴን የሚባለው ላስቲክ ጫማው ባይለበስም ከአየሩ በሚስበው እርጥበት ውስጥ ውስጡን ይፈርሳል። በሳጥን ውስጥ የተቀመጠበት ዘመን አላዳነውም።

ቆዳ ሶል ያለው ያልተለበሰ ጫማ ከዚህ ችግር ነጻ ነው፤ የራሱ ግን አለው። ቆዳው ለአሥርት ዓመታት ቅባት አላየም፣ ክሩ ደርቋል፣ ማስቲሹ ተሰባሪ ሆኗል። እንዲህ ያለውን ጫማ ተቀብሎ ወዲያውኑ ማጠፍ ወይም በጉልበት የእንጨት ማቆሚያ መክተት እዚያው ላይ ሊሰነጥቀው ይችላል። መጀመሪያ ስስ ቅባት ይቀባና አንድ ቀን ይቆያል፤ ይህ ለጥቂት ቀናት ይደጋገማል፤ ቆዳው በእጅ ሲጫኑት መልሶ መነሣት ሲጀምር ብቻ ይለበሳል። በአንድ ቀን ብዙ ቅባት መድፋት ቆዳውን ያዝላል እንጂ አያፈጥነውም።

በልክ ተለብሶ በእንክብካቤ የተያዘ ጫማ በበኩሉ ባለቤቱ ሲቀባው የኖረ ስለሆነ ቆዳው ብዙ ጊዜ ሕያው ነው። ጉድለቱ የሌላ ሰው እግር በቡሹና በውስጠኛው ሶል ላይ መታተሙ ነው። ጥልቅ የጣት አሻራ ያለው ጫማ ለሌላ እግር አይመችም፤ ሶል ሲቀየር ቡሹ አብሮ ቢታደስም የውስጠኛው ሶል ቅርጽ ግን ይቀራል። ሁለቱ በእኩል ዋጋ ቢቀርቡልኝ ጥቂት የተለበሰውን እመርጣለሁ፤ ያልተለበሰውን የምወስደው ሶሉ ቆዳ ከሆነና የት ተቀምጦ እንደነበር ሻጩ ሊነግረኝ ከቻለ ነው።

ስምና ዘመን

በስብስብ ዓለም ብዙ የሚፈለጉት የእንግሊዝና የአሜሪካ ጫማዎች ናቸው። በእንግሊዝ የኖርዝሃምፕተን ከተማና አካባቢዋ የሙያው ማእከል ሲሆኑ፣ ቸርችስ በ1873፣ ክሮኬት ኤንድ ጆንስ በ1879፣ ኤድዋርድ ግሪን በ1890 የተመሠረቱት እዚያው ነው። በአሜሪካ ደግሞ በቺካጎ የተቋቋመው ፍሎርሻይም ከ1892፣ የማሳቹሴትሱ ኦልደን ከ1884፣ የዊስኮንሲኑ አለን ኤድመንድስ ከ1922 ጀምሮ ይታወቃሉ።

ጠባያቸው ይለያያል። የእንግሊዞቹ በቅርጽ የተቆጠቡና በወገባቸው ቀጠን ያሉ ናቸው፤ የአሜሪካኖቹ፣ በተለይ ከአፍንጫቸው እስከ ተረከዛቸው የሚዘልቅ ክንፍ መሰል ጥለት ያላቸው ባለ ሁለት ሶል ደርቢዎች (የማሰሪያ ክንፎቻቸው ከላይ የሚከፈቱ ጫማዎች)፣ ከባድና ግዙፍ ናቸው። በአሜሪካ «የጦር ጀልባ» የሚል ቅጽል ስም የወጣላቸውም በዚህ ነው። በዋጋ ሲታይ ለጀማሪ የተሻለ የሚመስለኝ የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ የፍሎርሻይም ኢምፔሪያል ነው። በብዛት የተሠራ በመሆኑ አሁንም ይገኛል፣ ቆዳውም ወፍራም ነው፣ በብዙዎቹ ታኮ ላይ የተተከለው የቪ ቅርጽ ያለው ብረትም በቀላሉ ያስለየዋል። የስሙ ክብደት ግን የምርቱን ዓይነት ካላወቁ ያሳስታል፤ ይኸው ኩባንያ ርካሽ የጫማ ዓይነቶችንም ሠርቷል።

ዘመንን ለመገመት ትናንሽ ምልክቶች ከትልቁ ስም ይልቅ ይናገራሉ። ካርቶኑ ላይ የአሜሪካ ባለ አምስት አኃዝ የፖስታ ቁጥር ካለ ከ1963 ወዲህ ነው፣ የመስመር ኮድ ካለ ደግሞ ከ1974 በፊት ሊሆን አይችልም። በቸርችስ ጫማ ላይ 73 የሚል የፎርማ (ጫማው ሲሠራ የሚወጠርበት የእግር ቅርጽ) ቁጥር ከተጻፈ፣ ፕራዳ ኩባንያውን ከገዛበት ከ1999 በፊት የተሠራ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በ173 ተተክቷል። እነዚህ ምልክቶች የሚናገሩት ግን ስለ ሳጥኑ ወይም ስለ ፎርማው ነው፤ ካርቶንና ጫማ ተቀያይረው ሊሸጡ ስለሚችሉ በካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር በጫማው ውስጥ ከተጻፈው ጋር መመሳከር አለበት።

ቁጥር

የአሜሪካ የወንድ ቁጥር ከእንግሊዙ በአንድ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ የእንግሊዝ 9 በአሜሪካ ወደ 10 ይጠጋል። ሁለቱም በአንድ ቁጥር የሚራመዱት አንድ ሦስተኛ ኢንች፣ ማለትም 8.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የስፋት ፊደላቱ ግን ይበልጥ ያደናግራሉ፦ በአሜሪካ መካከለኛው ስፋት ዲ ሲሆን፣ በእንግሊዝ አንዳንዱ ሠሪ ኢ፣ ሌላው ኤፍ ይለዋል። ስለሆነም ከተጻፈው ቁጥር ይልቅ ከእግርዎ ጋር የሚስማማ የራስዎን ጫማ ሶል ርዝመትና ከፊት ያለውን ሰፊ ቦታ ለክቶ፣ ሻጩ ያንኑ እንዲለካ መጠየቅ ያዋጣል።

በዚህ ረገድ ኦክስፎርድና ደርቢ እኩል አይደሉም። የደርቢ ማሰሪያ ክንፎች ከላይ ስለሚከፈቱ የእግር ጀርባ ከፍ ዝቅ ቢል ይታገሣሉ፤ ኦክስፎርድ ግን ካልገጠመ ማሰሪያው ሰፊ የቪ ክፍተት ይዞ ይቀራል። ማሰሪያ የሌለው ሎፈር ከሁሉም ጠንቃቃ ነው። ቁጥሩን ያልተረዳ ገዢ በደርቢ ቢጀምር ይሻለዋል።

እድሳቱ

ቤት ውስጥ የሚሠራውና ለባለሙያ የሚተወው ድንበሩ ሶሉ ላይ ነው። ከሶል በላይ ያለው ሁሉ በትዕግሥት በእጅ ይሠራል፦ ማሰሪያው ይወጣል፣ አቧራው ይቦረሻል፣ ለዘመናት የተደራረበው አሮጌ ቀለም ለዚሁ በተሠራ ማስለቀቂያ በጨርቅ ይነሣል፣ ከዚያ ቅባት ይቀባል። ሻጋታ ከነበረ ጫማው አየር ባለበት ቦታ ተቦርሾ በ70 በመቶ አልኮል በረጠበ ጨርቅ ይጠረጋል፤ አልኮል ቀለም ስለሚያስለቅቅ በማይታይ ቦታ አስቀድሞ መሞከር ግድ ነው። ማድረቂያው ጥላ ነው፤ ፀሐይና ማሞቂያ የሚያመጡት ጉዳት ከሻጋታው ይበልጣል።

በክሬምና በሰም ቀለም መካከል ያለው ምርጫ ብዙዎችን ያሳስታቸዋል። ክሬም ቀለምና ቅባት ስላለው ወደ ቆዳው ይገባል፣ የገረጣውንም ይመልሳል። ሰም ግን ከላይ ይቀመጣል፣ የመስተዋት መልክም ይሰጣል። ስለዚህ ክሬሙ ለጫማው ሁሉ፣ ሰሙ ለማይታጠፉት ለአፍንጫውና ለተረከዙ ብቻ ነው። በሚታጠፍበት ቦታ ላይ የተከመረ ሰም ይሰባበርና አቧራ ይዞ ስንጥቅ ይመስላል፤ ይባስ ብሎም እውነተኛውን ስንጥቅ ይደብቃል።

ሶሉን በተመለከተ ቅርብ ያለ ጫማ ሰፊና የአምራቹ ፋብሪካ ይነጻጸራሉ። ጫማ ሰፊው ፈጣንና ርካሽ ነው፣ ከሥራው በፊትም ፊት ለፊት ማነጋገር ይቻላል፤ በኖርዝሃምፕተንና በአሜሪካ ያሉ አንዳንድ ፋብሪካዎች ደግሞ የራሳቸውን ጫማ መልሰው ተቀብለው ያድሳሉ። የፋብሪካው ብልጫ በማሽኑ አይደለም፤ ጫማው መጀመሪያ በተሠራበት ፎርማ ላይ መልሶ መወጠር መቻሉ ነው፤ በዚህም ለዓመታት የተጣመመው ቅርጽ ይቃናል። ፎርማው ከተጣለ ግን ይህ ብልጫ ስለማይኖር፣ ከመላክ በፊት ፎርማው አሁንም እንዳላቸው መጠየቅ ያስፈልጋል። ለጫማ ሰፊው የሚቀርበው ጥያቄ ሌላ ነው፦ አዲሱን ሶል በጠፍሩ ላይ ይሰፋዋል ወይስ ያጣብቀዋል? ጠፍሩንስ ከሶሉ ጋር እኩል ለማድረግ ይሞርደዋል? ጠፍሩ ሶል በተቀየረ ቁጥር የሚሞረድ ከሆነ ስፌቱ የሚያርፍበት ቦታ እየጠበበ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሞረዱን ከመንካቱ በፊት ጫማውን ገልብጦ ይህን በጣት ማሳየት ነው።